ለዓሣ አጥማጅ ወገኖቼ፦ እግር ያለውን አትግደሉት

ለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በፔንስልቬንያና በአካባቢው ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ዓሣ አጥማጆች

ግልባጭ፦ ለየስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች፤ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለኮሚኒቲ ማኅበራት

ጉዳዩ፦ ሄልቤንደር ስለሚባለው ትልቅ የወንዝ ሳላማንደር (ጅራት ያለው የእንቁራሪት ዘመድ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። በአፓላቺያን ተራሮች ወንዞች ላይ ትራውት ወይም ባስ ስታጠምዱ፣ አንድ ቀን መንጠቆአችሁ ላይ ጠፍጣፋ ራስ፣ አራት አጫጭር እግርና ሰፊ ጅራት ያለው ቡናማ ፍጥረት ሊወጣ ይችላል። ሄልቤንደር ይባላል። ያስደነግጣል፣ አልክድም። ግን መርዝ የለውም። ሰይጣንም አይደለም። ግደሉት የተባልነው ስኔክሄድ የሚባለው ዓሣም አይደለም። ክሩን ቆርጣችሁ ወደ ውሃው መልሱት። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል። ጊዜ ያለው ደግሞ ቡናውን ይዞ ይቀጥል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው መኸር ሰሜን ፔንስልቬንያ ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ብዙ ሆነን ነበር የሄድነው። ሊመሽ ሲል ከመሃላችን አንዱ ትል አድርጎ መስመሩን ወደ ወንዙ ወለል ጣለ። ከባድ ነገር ያዘው። እንደ ዓሣ አይሮጥም፣ ዝም ብሎ ይከብዳል። ድንጋይ የያዘ መስሎት ቀስ እያለ ሲጎትት፣ ከውሃው የወጣው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ፣ የሚያዳልጥ፣ እየተጠማዘዘ መንጠቆውን ሊያላቅቅ የሚታገል ፍጥረት ሆነ። ጩኸት ቀለጠ። አንዱ «ስኔክሄድ ነው፣ ግደለው!» አለ። ድንጋይ ተነሳ። እኔ ከታች በኩል ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ አልቆ ነበር።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጣቶች ነበሩት። ከፊት አራት አራት፣ ከኋላ አምስት አምስት፣ ጫፋቸው ለስላሳ፣ ጥፍር የሌላቸው። እስቲ ንገሩኝ፣ እግር ያለው ስኔክሄድ የት አለ?

የገደለው ሰው ክፉ አይደለም። እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ሕግ አክባሪው እሱ ነው። ፈቃዱን ሳያሳድስ ወንዝ አይወርድም። መጠኑ ያልሞላ ዓሣ ሲይዝ ለክቶ ይመልሳል። ያንን ፍጥረት የገደለው ሕግ ያከበረ መስሎት ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ስኔክሄድ የሚባለው የእስያ ዓሣ በ2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን ውስጥ በአንድ ኩሬ ሲገኝ አገር ተሸበረ። በ2004 ደግሞ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በየጀልባ ማውረጃው፣ በየትል መሸጫው የምንሰማው ትምህርት አንድ ነው፦ ይህን ዓሣ ከያዝክ ወደ ውሃው አትመልስ፣ ግደል። ሜሪላንድ ውስጥ ከነሕይወቱ ይዞ መገኘት ራሱ ክልክል ነው። በ2024 ደግሞ ሰው ደፍሮ እንዲበላው ብለው ስሙን «ቼሳፒክ ቻና» አሉት። የኛ ሰው ስም እስኪቀየርለት አልጠበቀም፤ ቀድሞም ለብለብና ጉላሽ ሲያደርገው ነበር።

ይህ ትምህርት ለፖቶማክ ትክክል ነው። ችግሩ ግን በጭንቅላታችን ውስጥ የቀረው «ስኔክሄድን ግደል» የሚለው አይደለም። የቀረው «ረጅም፣ የሚያሙለጨልጭና የማታውቀው ነገር ከወጣ ግደል» የሚለው ነው። ያንን ይዘን መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሦስትና አራት ሰዓት ነድተን ተራራ ላይ ስንደርስ፣ ሕጉ ተገልብጦ ይጠብቀናል። እዚያ የሚያሙለጨልጨው እንግዳ አይደለም። እንግዶቹ እኛ ነን፤ ባለአገሩ እሱ ነው።

ሄልቤንደር በሰሜን አሜሪካ ካሉት ሳላማንደሮች ሁሉ በክብደት ትልቁ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እስከ 74 ሴንቲ ሜትር የደረሰም ተለክቷል። ከኒውዮርክ ተነስቶ በተራሮቹ በኩል እስከ ጆርጂያና አላባማ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ሚዙሪ ድረስ ይኖራል። ፖቶማክ አገሩ አይደለም። ፔንስልቬንያ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ፣ ኖርዝ ካሮላይናና ቴነሲ ግን ያላችሁ ልብ በሉ። ሜሪላንድ ውስጥ የቀረው በምዕራቡ ጫፍ፣ ጋሬት ካውንቲ ነው። ለዕረፍት ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ቤት ተከራይታችሁ የምትሄዱ፣ እናንተን ማለቴ ነው። በዚያ አካባቢ ያለው ካስልማን ወንዝ የሱ ቤት ነው።

መልኩን ልንገራችሁ፣ ስታዩት እንዳትሳሳቱ። ራሱም አካሉም ጠፍጣፋ ነው፤ ድንጋይ ሥር ሾልኮ ለመግባት የተሠራ ነው። ዓይኖቹ የበርበሬ ፍሬ የሚያካክሉ ናቸው፣ ሽፋሽፍት የላቸውም። በሁለቱም ጎኑ ከብብቱ እስከ ጭኑ ድረስ ቆዳው ተርፎ ይሸበሸባል፣ ውሃው ውስጥም ይርገበገባል። ያ ሽብሽብ ለጌጥ አይደለም። ሳንባ አለው፤ ነገር ግን የሚተነፍሰው ከሞላ ጎደል በቆዳው ነው። አየሩን በቀጥታ ከውሃው ይስባል። ስለዚህ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ፈጣንና ንጹሕ መሆን አለበት። ወንዙ ሲደፈርስና ሲሞቅ እሱ ይታፈናል። ሄልቤንደር የሚኖርበት ወንዝ ጥሩ ወንዝ ነው ማለት ነው። ትራውት ፈልጋችሁ የሄዳችሁትም እንዲህ ያለ ወንዝ ስለሆነ ነው።

ደግሞ ጅራቱ ብርሃን ይሰማዋል። ዓይኑ ሳይሆን ጅራቱ። በቆዳው ላይ፣ በተለይ ጅራቱ ላይ፣ ብርሃን የሚለዩ ሕዋሳት አሉት። ራሱን ደብቆ ጅራቱ ውጪ ከቀረ ያውቃል፣ ይሰበስበዋል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይወጣል። ዋና ምግቡ ክሬይፊሽ ነው፤ ያ ከድንጋይ ሥር የሚገኘው ባለ መቆንጠጫ። በወንዙ ወለል ላይ እየሄደ ስለሚበላ፣ ትል ወይም ትንሽ ዓሣ አድርጋችሁ መስመራችሁን ወለል ላይ ካሳረፋችሁ፣ በተለይ ሲመሽ፣ እሱን ልትይዙ ትችላላችሁ። «ትራውቱን እየበላ ጨረሰው» የሚሉ የድሮ አጥማጆች ነበሩ፣ ዛሬም አልጠፉም። ሐሰት ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ዓሣ ቢያገኝ አይተውም፤ ኑሮው ግን ክሬይፊሽ ነው።

እኛ ብቻ ደንጋጮች እንዳንመስል ይህንንም ልጨምር። አሜሪካኖቹ ራሳቸው «የጭቃ ሰይጣን» እያሉ ለብዙ ዘመን ሲገድሉት ኖረዋል። ምራቁ መርዝ ነው፣ መስመሩን በልጋግ እየቀባ ዓሣ ያባርራል ይሉ ነበር። በማኅበር ተሰባስበው የዘመቱበትም አሉ። አያቶቻቸው የሠሩትን ስህተት እኛ አዲስ መጤዎቹ ከዜሮ ጀምረን መድገም አይጠበቅብንም።

የኛ ድንጋጤ ግን ከነሱ የተለየ ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳላማንደር የሚባል ነገር የለም። ከአፍሪካ ሳላማንደር ያለው በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ቀረሶና አምባዛ ሲጠመድ እያየሁ፣ አሞራ ገደል አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየሁ። ውሃ ውስጥ አራት እግር ያለው ትልቅ ነገር ካየህ ወይ አዞ ነው ወይ አርጃኖ ነው። ሁለቱም ይነክሳሉ። ስለዚህ ከሀገር ቤት የመጣ ሰው ሄልቤንደርን ሲያይ እጁ ወደ ድንጋይ ቢሄድ አይገርመኝም። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሆን ትዝታ የለንም። የተማሩትም ቢሆኑ ተደናግረዋል። በ1726 ሾይክዘር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም በድንጋይ ውስጥ የተገኘ አጽም አይቶ፣ «ይህ በኖኅ ዘመን በጥፋት ውሃ የሰመጠ ኃጢአተኛ ሰው ነው» ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። ሰዉም አመነ። በ1811 ኩቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ የአጥንት ሊቅ ድንጋዩን በጥንቃቄ ፈልፍሎ ቢያየው የፊት እግሮች ወጡ። ግዙፍ ሳላማንደር ነበር። የሄልቤንደር የሥጋ ዘመድ። ዘመዶቹ ዛሬም በጃፓንና በቻይና ወንዞች አሉ፤ የጃፓኑ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያድጋል። አጽሙ ሆላንድ ሃርለም ከተማ፣ ቴይለርስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ወደዚያ የምትሄዱ ጎራ በሉና እዩት።

አሁን ወደ ሥራው። መንጠቆአችሁ ላይ ሲወጣ ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያ አትጎትቱ። መሬት ላይ አታውጡት። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አቆዩት፣ እዚያው ይተንፍስ። እጃችሁን አርጥቡ። ደረቅ እጅ በቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ይገፍፈዋል፤ ያ ልጋግ ደግሞ መከላከያው ነው። የፀሐይ ክሬም ወይም የትንኝ መከላከያ ተቀብታችሁ ከሆነ ባትነኩት ይሻላል፣ በቆዳው ይጠጣዋል። መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ከሆነና በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ በፒንሳ አውጡት። ከዋጠው ግን አትታገሉ። ክሩን በተቻለ መጠን ወደ አፉ ጠጋ አድርጋችሁ ቁረጡና ልቀቁት። ለመንጠቆ ብላችሁ አንጀቱን አታውጡ። መንጠቆ ስንት ነው? በሳንቲም የሚገዛ ነገር ነው።

ይነክሳል ወይ? ከጨመቃችሁት ሊነክስ ይችላል፣ ያምማልም። መርዝ ግን የለበትም።

ፎቶ ማንሳት አይከለከልም፤ ግን ውሃ ውስጥ እንዳለ አንሱት። አንገቱን አንቆ፣ ሽቅብ አንጠልጥሎ፣ ለቲክቶክ መሳቅ ይቅር። ቦታውን ያዙ፤ የወንዙን ስም፣ ድልድዩን፣ ቀኑን። ከዚያ ለዚያ ስቴት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ላኩላቸው። እነሱ እንዲህ ያለውን ወሬ ይፈልጉታል። ባለሙያዎቹ ሄልቤንደር የት እንዳለ ለማወቅ የወንዝ ውሃ ቀድተው ወስደው፣ ከቆዳው የረገፈ የዘር ምልክት (ዲኤንኤ) እየፈለጉ ነው የሚሠሩት። እናንተ ደግሞ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ቦታውን ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ሰብስበው በድብቅ የሚሸጡ አሉ።

«ይበላል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም፣ አውቃለሁ። አይበላም። ማለቴ፣ አትበሉት። ሜሪላንድ ውስጥ በመጥፋት ላይ ያለ ተብሎ በሕግ የተጠበቀ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ መያዝ፣ ማጓጓዝ፣ መሸጥ ሁሉ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ ከገንዘብ አልፎ እስከ 120 ቀን እስራት ሊደርስ ይችላል። የኢሚግሬሽን ፋይላችሁ ገና ያልተዘጋ ደግሞ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። በአንድ ሳላማንደር ምክንያት ፍርድ ቤት መቆም ምን ይባላል? ፔንስልቬንያ ውስጥ ከዚህም በላይ ነው። በኤፕሪል 2019 ገዢው ቶም ዎልፍ ሄልቤንደርን የስቴቱ ይፋዊ አምፊቢያን (የእንቁራሪት ወገን እንስሳ) አድርገው ፈርመውለታል። ሕጉ እንዲወጣ ሲወተውቱ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ ያ ወንዝ ዳር በድንጋይ የተመታው የስቴቱ ምልክት ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ለአጥማጁ ነው። ቀጥሎ ያለው ለማያጠምደውም ነው። ከመንጠቆ ይልቅ ሄልቤንደርን የምንጎዳው በድንጋይ ይመስለኛል። በመወርወር አይደለም፤ በማንሳት።

ሌበር ደይ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ እንቁጣጣሽ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት። መኪና ተደርድሮ፣ ሥጋው በሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ከሰሉ ተጭኖ ወደ ወንዝ ይወረዳል። ልጆቹ ውሃ ውስጥ ገብተው ግድብ ይሠራሉ። ትልልቆቹ ድንጋይ ከበው ሐብሐብና ቢራ ያቀዘቅዛሉ። ለምድጃ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከወንዙ ይወጣል። አንዱ ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ፎቶ ይነሳል። ሁሉም ደስ ይላል። ክፋት የለበትም።

ያ ወቅት ግን ለሄልቤንደር የዓመቱ ትልቁ ጊዜ ነው። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ በመኸሩ ወንዱ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይመርጣል፣ ሥሩን ጠርጎ ቤት ያደርጋል። ሴቷ ትገባና እንደ መቁጠሪያ የተያያዘ እንቁላል ትጥልለታለች፤ ከ150 እስከ 450 ሊሆን ይችላል። ከዚያ ትሄዳለች። የሚጠብቀው አባት ነው። አፉን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል፣ ሌባ የመጣ እንደሆነ ይናከሳል፣ እንቁላሎቹ አየር እንዲያገኙ በላያቸው ላይ ይወዛወዛል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ክረምቱን አብሯቸው ይከርማል። እንግዲህ ያንን ድንጋይ ለምድጃ ስናነሳው ጣሪያውን አነሳንበት። ብርሃኑ ይገባል፣ እንቁላሉን ውሃ ይወስደዋል፣ ወይም ድንጋዩን መልሰን ስንጥለው አባትየውን ይጨፈልቀዋል። ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የወንዝ ድንጋይ ማንቀሳቀስ የተከለከለው በከንቱ አይደለም። ትንንሽ ድንጋይስ ለምትሉ፣ ትንንሾቹ ሥር ደግሞ ልጆቹ አሉ።

ልጆቻችን ውሃ ውስጥ አይግቡ እያልኩ አይደለም። ይግቡ፣ ይዋኙ፣ ይራጩ። ድንጋዩ ብቻ ይቀመጥ። ለምድጃ የተሠራውን ብረት ይዘን እንሂድ። ቢራውን በረዶ ያቀዘቅዘዋል፤ በረዶ ነዳጅ ማደያው ጋ አለ።

አሁን አንድ ሰው ተነስቶ «ለመሆኑ ሄልቤንደርን የጨረስነው እኛ ነን ወይ?» ሊለኝ ይችላል። አይደለንም። ዋናው ገዳይ ደለል ነው። ደን ሲመነጠር፣ መንገድ ሲቆረጥ፣ የእርሻ አፈር ሲታጠብ ጭቃው ወንዝ ይገባና ከድንጋዩ ሥር ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል። ቤቱ በሲሚንቶ እንደተሞላ ቁጠሩት። ግድቦች ፈጣኑን ውሃ ኩሬ አድርገውታል። የድንጋይ ከሰል ማዕድን አሲድ የፔንስልቬንያንና የዌስት ቨርጂኒያን ብዙ ወንዞች ገድሏል። የቆዳ ፈንገስም አለ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ሄለን የተባለችው አውሎ ነፋስ የኖርዝ ካሮላይናንና የቴነሲን ተራሮች ስትመታ፣ ሄልቤንደሮች ከወንዛቸው ተጠርገው ወጥተዋል። ከዚህ ሁሉ አንጻር የኛ መንጠቆና የኛ ምድጃ ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑን ግን እንደ ፈቃድ አልወስደውም። ብዙ ነገር ላለው አንዱ ቢጎድልበት አይታወቅም፤ ሄልቤንደር ግን የቀረው ትንሽ ነው።

ምን ያህል ትንሽ? የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በዲሴምበር 2024 የምሥራቁ ሄልቤንደር በመላ አገሪቱ በመጥፋት ላይ ያለ ተብሎ ይመዝገብ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በዚያን ጊዜ ባወጣው ቆጠራ መሠረት፣ በታሪክ ከታወቁት 626 የሄልቤንደር መኖሪያዎች ውስጥ አሁንም አሉ የሚባሉት 371 ናቸው። ከነዚያም ውስጥ ደህና ናቸው፣ ይራባሉ ተብሎ የተመሠከረላቸው 45 ብቻ ናቸው። የሚዙሪና የአርካንሶው ኦዛርክ ሄልቤንደር የሚባለው ወንድሙ ከ2011 ጀምሮ በሕግ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት የሴንት ሉዊስ የአራዊት ማቆያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዝ ውጭ እንዲራባ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን አሳድጎ ወደ ወንዝ መልሷል። ተስፋ የለም አልልም። ግን አንዱ ለአቅመ አዳም ለመድረስ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይፈጅበታል፤ ሠላሳ ዓመት ሊኖርም ይችላል። ያ ወንዝ ዳር የተገደለው ከአንዳንዶቻችን በፊት እዚህ አገር የነበረ ሊሆን ይችላል።

በሚኒሶታ፣ በሚሺጋንና በኦሃዮ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቃል ስሙኝ። እናንተ ጋ በረዶ ቀዳችሁ ስታጠምዱ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ መድፓፒ የሚባለው ነው። ከሄልቤንደር ያንሳል። አንገቱ ላይ ቀይ ላባ የሚመስል ስንጥብ አለው፤ ሲያረጅም አይጠፋም። የኋላ እግሩም አራት ጣት ነው። እሱንም በረዶው ላይ ጥለው እንዲደርቅ የሚተዉ አሉ። መልሱት። እሱ ከሌለ የማይኖር አንድ የወንዝ ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል አለ፤ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጣበቁት በመድፓፒው ስንጥብ ላይ ነው። አንዱን ስትገድሉ ሁለት ነው።

ለመሥሪያ ቤቶቹ፣ በግልባጭ ለሚደርሳችሁ፤

አስተርጓሚ ፈልጋችሁ እንደምታነቡት ተስፋ አደርጋለሁ። ፈቃድ ከናንተ እንገዛለን፤ ብዙዎቻችን በየዓመቱ። እኔ በምሄድባቸው ቦታዎች የስኔክሄድ ማስታወቂያ በትልቁ ተለጥፎ አይቻለሁ፤ የሄልቤንደር ግን ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተጨናነቀ። ሰው ያልፈለገውን ወረቀት ቆሞ አያነብም። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ሥዕል። በአንዱ በኩል እግር የሌለው ስኔክሄድ፣ በሌላው በኩል እግር ያለው ሄልቤንደር። ከሥሩ አንድ መስመር በእንግሊዝኛ፣ አንድ መስመር በስፓኒሽ፣ አንድ መስመር በአማርኛ፦ «እግር ካለው ክሩን ቆርጠህ ልቀቀው።» በቃ። ይህ ሥዕል ፖቶማክ ላይም መለጠፍ አለበት። ሄልቤንደር እዚያ ስለሌለ አያስፈልግም አትበሉ፤ ግደል የሚለውን የተማርነው እዚያ ነውና ልቀቅ የሚለውንም እዚያው አስተምሩን።

አማርኛ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን በአማርኛም ይተረጉማሉ። የጤናውም የትምህርቱም ወረቀት በአማርኛ እየደረሰን ነው። የወንዙም ይድረሰን። ትርጉሙን ማን ይሠራልናል ካላችሁ፣ እኔ በነጻ እሠራለሁ፤ ከኔ የተሻለ የሚጽፍም ሞልቷል።

ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለማኅበራት፤

የሌበር ደይ ጉዞ ስታዘጋጁ አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡን። «ድንጋይ አይነሳ፣ እግር ያለው ነገር ከወጣ ይለቀቅ» በሉልን። ልጆቹ ደግሞ ከኛ ይልቅ ይሰማሉ፤ ሥዕሉን ለነሱ ስጧቸውና ጠባቂ አድርጓቸው። አባቱ ድንጋይ ሲያነሳ ልጁ «ዳዲ፣ መልሰው» ሲለው የሚመልስ አባት ይበዛል።

ለዓሣ አጥማጆቹ፤ ይህን ደብዳቤ በየቴሌግራም ግሩፓችሁ ላኩት። ፒንሳና መቁረጫ በሳጥናችሁ ውስጥ መኖሩንም አሁኑኑ አረጋግጡ፤ ወንዝ ዳር ስትፈልጉት ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው የሚቀረው።

ከአክብሮት ጋር፣

ከሜሪላንድ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ